ከመቶ እስከ ሁለት

ከምጠብቀው ሕንጻ ተከራይ ሲለቅ
ካርቶን ሙሉ መጽሔት ጥሎ ሄደ እንደ ጨርቅ።
አንዱን ብድግ አድርጌ ይዤ ተሳፈርሁ፣
ሻርጃ ሰናዒያ እስክደርስ ገለጥሁ፦
«የምንጊዜም መቶ ባለ ተጽዕኖ የሮክ ባንዶች።»
ከመቶ ይጀምራል።
ስልሳ ላይ ስደርስ አውቶቡሱ ቆመ።

ባንድ ክፍል ስምንት ነን፤
መጽሔቱ ባንድ የሚለው አምስት ሲሞላ ነው።
አራት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣
እንደ ሽማግሌ የሚያስል ኤሲ።
ሮዌል የሴቡ ልጅ፣ በአገሩ ከበሮ መቺ፣ እዚህ ሊፍት ጠጋኝ።
ቢጁ ከኬረላ፣ ሳይጠሩት የሚዳኝ።
ሸምሱ ከወራቤ፣ ብሎኬት ደርዳሪ፤
«ሮክ ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለኝ።
«ድንጋይ» አልሁት።
«ቀኑን ሙሉ ተሸክሜው ውዬ
ማታ ደግሞ ደረጃ ላወጣለት?»

ስማቸውን እኩል መጥራት ስላቃተን
በቁጥር ተግባባን።
«ሰባተኛው ከአሥራ አራተኛው ሰርቋል» ይላል ቢጁ፣
«አሥራ አራተኛው ባይፈጠር
ሠላሳዎቹ በሙሉ ጸጉራቸውን ተቆርጠው
ባንክ ቤት ይቀጠሩ ነበር።»
ሮዌል ይግላል። በማንኪያ የአልጋውን ብረት ይመታል፤
«ይህ የሁለተኛው ነው፣ ይህ የአርባ አንደኛው፤
እጁን ተወው፣ እግሩን ስማው!»
በተሰበረ ዐረብኛ፣ በሂንዲ ቁራጭ፣ በጣት፣ በቅንድብ።
ከላይ የተኛው ሾፌር ትራስ ይወረውራል፤
«ኻላስ! ዐሥር ሰዓት ላይ ተነሺ ነኝ።»

ሁለት ላይ ስንደርስ ግን ቀጥ።
የአንደኛው ገጽ የለም።
ተቀዷል፤ ጥርሱ ብቻ ቀርቷል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሮዌል በእናቱ ይምላል፣
ቢጁ በሁለት ወር ደመወዝ ይወራረዳል።
እኔ ዝም አልሁ፤
አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ከመቶው ያልገባ፣
ኮምቦልቻ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ሲጠባ፣
ከጨርቃ ጨርቅ ክበብ ሠራተኛው ሳይወጣ፣
አያልቅበት ጊታሩን ሲቆጣ።
ሦስተኛው ክር ቢበጠስበት
የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጥሮበት፣
እንደ ድመት ሲያስጮኸው
ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይወጣል፣ እኔ እቀራለሁ።
ካሴት የለው፣ ፎቶ የለው።
ግን ሌሊት በር ስጠብቅ
ጣቴ በብረቱ ላይ የሚመታው የእሱን ነው፦
ዱም፣ ታ ታ፣ ዱም።
ባለፈው ሮዌል ለውኃ ተሰልፎ
ጀሪካኑን እንዲሁ ሲመታ ሰማሁት፤
ከማን እንደያዘው አያውቅም።
እኔም አልነገርሁት።

ሐምሌ ላይ ኤሲው ማሳሉን አቆመ።
ሮዌል ወንበር ላይ ወጥቶ ክፈፉን ሲነካካ
በኤሲውና በግድግዳው መካከል
የታጠፈ፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት።
ሁላችን ወደ ሸምሱ ዞርን።
«ሙቀት ያስገባ ነበር» አለ፣
«ጽሑፍ የሌለበትን ፈልጌ ነው የቀደድሁት፣
ሥዕል ብቻ ነበረበት።»
«የማን ሥዕል?»
«የሰዎች።»

ውጪው አርባ ሰባት ዲግሪ ነው።
ቢነቀል አቧራው፣ ግለቱ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ጭስ።
ድምፅ ሰጠን፤ አምስት ለሦስት፦
እስከ ጥቅምት እዚያው ይቆይ።

ቢጁ ግን አላረፈም። ማታ ማታ በባትሪ
ጠርዙን ያጠናል፤
«ጫማ ይታየኛል፣ ሹል የቆዳ ጫማ።»
«አላልሁም! የኔዎቹ ናቸው!» ይዘላል ሮዌል።
«ሁሉም ቆዳ ይጫማሉ።»
«እንደዚያ አይሾልም!»
ትራሱ ይወረወራል።
ሸምሱ አንኮራፍቷል።
አንደኛው፣ ማንም ይሁን ማን፣
ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ
ግድግዳው ውስጥ ቆሟል።